የሞዴል ሮኬት የግፊት አቅጣጫ መቆጣጠሪያ በድንገት ወደ መሃል ሲመለስ

ከተማሪዎች ጋር በሠራነው ሞዴል ሮኬት ላይ፣ የሞተሩን መያዣ በሁለት ኤስጂ90 ሰርቮዎች (ወደታዘዙት ማዕዘን የሚዞሩ ትንንሽ ሞተሮች) የሚያዘነብለው መቆጣጠሪያ፣ ሮኬቱን ሞተር ሳይገጠምበት በእጅ ቀስ ብለን ስናጋድለው በትክክል ይሠራ ነበር፤ ፈጠን ስንል ግን መያዣው ተንቀጥቅጦ ወደ መሃል ይመለስና የተጋደለውን አቋም እንደ ቀጥ ያለ ይቆጥረዋል።

በመጀመሪያ ጥፋቱ የፒአይዲ ቁጥሮች (መቆጣጠሪያው ለመጋደሉ ምን ያህል እንደሚመልስ የሚወስኑት) መስሎን ሦስት ቀን ሙሉ እነሱን ስንቀያይር ቆየን። ቀጥሎ መጋደሉን የሚለካውን ሴንሰር፣ ኤምፒዩ-6050ን፣ በአዲስ ተካነው፤ ለውጥ አልነበረም። በመልቲሜትር የለካነው ቮልቴጅም 5 ገደማ ነበር፤ መሣሪያው ለሚሊሰከንዶች ብቻ የሚቆይን የቮልቴጅ መውደቅ ለማሳየት እጅግ ዘገምተኛ መሆኑን ያኔ አላሰብንበትም።

ፍንጩን ያገኘነው ፕሮግራሙ ሲጀምር የአርዱይኖ ናኖው (ፕሮግራሙን የሚያስኬደው ትንሽ ቦርድ) መብራት ሦስት ጊዜ ብልጭ እንዲል ካዘዝነው በኋላ ነው። ሮኬቱን በፍጥነት ባጋደልነው ቁጥር መብራቱ ሦስቴ ብልጭ አለ፤ ማለትም ሁለቱ ሰርቮዎች አብረው ሲነሡ ከናኖው የ5 ቮልት እግር የሚስቡት ኃይል ቮልቴጁን አውርዶ ቦርዱን እንደ አዲስ ያስነሣው ነበር፤ ፕሮግራሙም ከመጀመሪያው ሲጀምር መያዣውን ወደ መሃል መልሶ ያለበትን አቋም ቀጥ ያለ አድርጎ ይወስዳል። ለሰርቮዎቹ ከባትሪው የሚነሣ የራሳቸውን የ5 ቮልት ሬጉሌተር (ቮልቴጅ የሚያረጋጋ ክፍል) ሰጥተን፣ ግራውንዱን (የኔጋቲቭ መስመሩን) ከናኖው ጋር አገናኝተን፣ አጠገባቸውም ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን ጠብቀን ድንገተኛ የኃይል ፍላጎትን የሚሸፍን የ470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ስናስገባ ችግሩ ጠፋ። ግራውንዱ ካልተገናኘ ሰርቮዎቹ ትእዛዙን በትክክል አያነቡም።