ፓላሞስን በሥራ ቀን ሂዱባት

ከባርሴሎና ወደ ስፔኑ የባሕር ዳርቻ ኮስታ ብራቫ ብቅ የምትሉ ከሆነ የዓሣ አጥማጆቹን ከተማ ፓላሞስን ለቅዳሜና እሁድ አታቆዩዋት። ጀልባዎቹ ያኔ አይወጡም፣ ወደቡም ጭር ይላል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ግን ወደ አመሻሹ፣ በአበሻ ሰዓት 11 ሰዓት ገደማ፣ ተከታትለው ይገባሉ፤ የባሕር ወፉ ከላይ እየተንጫጫ ዓሣው በሣጥን በሣጥን ይወርዳል፣ ከተማዋን ያስጠራት ቀዩ ሽሪምፕም ገና ከባሕር እንደወጣ ታዩታላችሁ። እሱ ታዲያ ኪስ ያራግፋል! አንዳንድ ምግብ ቤት ዋጋውን የሚጽፈው በ100 ግራም ስለሆነ ሳታዩ እንዳታዙ። ባቡር እዛ አይደርስም፣ ባርሴሎና ካለው ከኖርድ መናኸሪያ አውቶቡስ ያዙ። ምሳ ከ7 ሰዓት በፊት አትጠብቁ። ጊዜ ከተረፋችሁ በባሕሩ ዳር መንገድ በእግር ሳልጌር እስከምትባለው ትንሽ የባሕር ወሽመጥ ዝለቁ፣ በራቸው በቀለም ያሸበረቀ የድሮ የዓሣ አጥማጆች ጎጆዎች እዛ አሉላችሁ።