ሊጠፋ የተቃረበ የዱር አበባን በግድግዳ ሥዕል ማስተዋወቅ

የዱር አበባ አደባባይ ላይ የሚሣለው አላፊ አግዳሚው ተክሉን ሜዳ ላይ ሲያገኘው እንዲለየውና እንዳይቀጥፈው ነው። «ሲያምር!» ተብሎ ብቻ የሚታለፍ ሥዕል ለተክሉ ምንም አይፈይድለትም። ስለዚህ ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት ዝርያውን የሚያውቅ የዕፅዋት ባለሙያ ያዙ።

የአበባው ቅጠሎች ስንት ናቸው? ግንዱ ላይ ያሉት ቅጠሎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው ወይስ ተራ በተራ የሚወጡት? ጠርዛቸው ልሙጥ ነው ወይስ ባለ ጥርስ? ከሁሉም በላይ፣ በብዛት የሚገኝ ተመሳሳይ ዝርያ ካለ ልዩነቱ የቱ ላይ ነው? መለያውን ጎላ አድርጋችሁ አውጡት። ልዩነቱ ከአበባው ሥር ባለው አረንጓዴ ሽፋን ላይ ከሆነ ቢያንስ አንዷን አበባ ወደ ጎን አዙራችሁ ሣሉ፤ ከላይ ብቻ የታየች አበባ ያንን ትደብቃለች። ቀለሙን ከደረቀ ናሙና አትቅዱ። ተጭኖ የደረቀ አበባ ቅርጹን ቢይዝም ቀለሙ ይለወጣል። በደመናማ ብርሃን የተነሣ የሕያው ተክል ፎቶ ይሻላል።

ብዙዎች የሚዘነጉት ዳራውን ነው። ከአበባው ጀርባ በቅርጹ የሚታወቅ ተራራ ወይም ፏፏቴ ከሣላችሁ ለነቃዮችና ለሰብሳቢዎች አድራሻ ሰጣችሁ ማለት ነው። የመኖሪያውን ዓይነት፣ ማለትም ረግረጉን፣ ዐለቱን ወይም ሣሩን ሣሉ፤ ቦታውን ግን አትሣሉ። የምታሰራጩት ፎቶም የቦታ መረጃ ከውስጡ ይውጣ።

የባለቤቱን ፈቃድ በጽሑፍ ከያዛችሁ በኋላ ወደ ግድግዳው እለፉ። አዲስ የስሚንቶ ልስን ቢያንስ 28 ቀን ሳይቆይ አይቀባም። አሮጌ ከሆነ 50 በ50 ሳ.ሜ. ላስቲክ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽጋችሁ ለጥፉና በማግስቱ ግለጡት። ከውስጥ ጤዛ ከያዘ ግድግዳው እርጥበት አለው፤ ምንጩ (የሚያፈስ አሸንዳ ወይም ከመሬት የሚወጣ ውሃ) ሳይጠገን የተቀባ ቀለም አብጦ ይላጣል። ነጭ የጨው ዱቄት ካያችሁ በደረቅ ጠንካራ ብሩሽ ጥረጉት። ውሃ ጨውን አሟሙቶ ተመልሶ ያስገባዋል።

ለ4 በ3 ሜትር ግድግዳ 40 በ30 ሳ.ሜ. ንድፍ አዘጋጁ። ንድፉን በየ5 ሳ.ሜ.፣ ግድግዳውን በየ50 ሳ.ሜ. ብታሰምሩ እያንዳንዳቸው 48 ካሬ ይወጣቸዋል፤ ከዚያ ካሬ በካሬ መገልበጥ ነው። አንድ ሊትር ቀለም በልሙጥ ግድግዳ ላይ አንድ እጅ ከ8 እስከ 10 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፣ ሸካራ ላይ ግን በጣም ያንሳል። ለውጭ ግድግዳ የተሠራ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ መነሻ) እና አክሬሊክ ቀለም ተጠቀሙ። ፀሐይ በቀጥታ በሚያርፍበት ሰዓት አትቀቡ፤ ቀለሙ ሳይዝ ላዩ ይደርቃል። አብረቅራቂ ሮዝ ቀለሞች በፀሐይ ቶሎ ይደበዝዛሉ፣ ከብረት ኦክሳይድ የሚሠሩት ቀይና ቢጫ ግን ይጸናሉ። አበባችሁ ደማቅ ሮዝ ከሆነ ለፀሐይ ጽናቱ በማሸጊያው ላይ የተጻፈለትን ምረጡ፤ ዋጋው ቢወደድም እዚህ ላይ አትቆጥቡ። የደበዘዘ አበባ ሌላ ዝርያ ይመስላልና።

ጽሑፉ አጭር ይሁን፦ ሕዝቡ የሚጠራበት ስም፣ ሳይንሳዊ ስሙ፣ አንድ የስጋቱ ምክንያት፣ አንድ ጥያቄ። «ተፈጥሮን እንጠብቅ» ማንንም አያንቀሳቅስም፤ «ካያችሁት አትቀጥፉት፣ ፎቶ አንሥታችሁ ለባለሙያ አሳዩ» ግን ሊደረግ የሚችል ነገር ነው። ከ10 ሜትር እንዲነበብ የፊደሉ ቁመት ከ10 ሳ.ሜ. አይነስ፤ ካነሰ የፊደላቱ ቅጥያ ከሩቅ ስለሚዋሃድ ካዕቡ ከሣልሱ ላይለይ ይችላል። ኪው አር ኮድ ከጨመራችሁ ጎኑ የሚነበብበት ርቀት አንድ አሥረኛ ይሁን፣ ለ2 ሜትር 20 ሳ.ሜ. ማለት ነው። ሸካራ ግድግዳ ላይ ከመሣል በልሙጥ ሰሌዳ ታትሞ ቢሰቀል በቀላሉ ይነበባል።

በምረቃው ቀን የተክሉን ዘር አታድሉ። ከሌላ ቦታ የመጣ ዘር ከቀሩት ጥቂት ተክሎች ጋር ሊዳቀል ይችላል፣ ዘር ለቀማውም ራሱ ይጎዳቸዋል።

ከተረፈው ቀለም ከእያንዳንዱ ግማሽ ሊትር ያህል አሽጋችሁ፣ የድብልቁን መጠን ጽፋችሁበት አስቀምጡ። የተፋቀ ቦታ ሲጠገን ቀለሙ የሚገጥመው ያኔ ነው።