የቻይናውያንን መገለል በዘመኑ ሰነዶች እንዴት እናስተምር?

አሜሪካ በቻይናውያን ስደተኞች ላይ የፈጸመችውን አድልዎ በቀዳማይ ምንጮች ለማስተማር፣ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ሦስት አጫጭር ቅንጫቢዎች ይበቃሉ። ከዚያ ከበዛ ተማሪው ያገላብጣል እንጂ አያነብም። (ዓመታቱ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

በሕጉ ጀምሩ። የ1882ቱ ሕግ ቻይናውያን የጉልበት ሠራተኞች ለ10 ዓመት እንዳይገቡ አገደ፤ እገዳው እየተራዘመ እስከ 1943 ዘለቀ። መግቢያውን ብቻ አድሉ። የሠራተኞቹ መምጣት የአንዳንድ አካባቢዎችን ጸጥታ ለአደጋ ያጋልጣል ይላል። «ማስረጃ የቀረበበትን ቦታ አስምሩ» በሏቸው። የሚሰመር ያጣሉ፤ ውይይቱ የሚነሳውም እዚያ ላይ ነው።

ቀጥሎ የ1892ቱ ሕግ 6ኛ ክፍል። ሠራተኛው የመኖሪያ ምስክር ወረቀት እንዲያወጣ ያስገድዳል። ሳይዝ የተገኘ ይታሰራል፤ በሕመም ወይም ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት መቅረቱን ካላስረዳ፣ ሕጉ ሲወጣም በአገሩ ይኖር እንደነበር «ቢያንስ በአንድ ታማኝ ነጭ ምስክር» ካላረጋገጠ ይባረራል። እዚህ ሐረግ ላይ ቁሙ። ጎረቤቱም የሥራ ባልደረባውም ቻይናዊ የሆነ ሰው ማንን ይጠራል? ጥንድ ጥንድ ሆነው አምስት ደቂቃ ይነጋገሩበት። መልሱን ቀድማችሁ አትንገሯቸው።

ሦስተኛው የቻይናዊቷ ስደተኛ እናት የሜሪ ቴፕ ደብዳቤ ነው። የሳን ፍራንሲስኮ ትምህርት ቤት ልጇን አልቀበልም ሲል ቤተሰቡ ከሶ ረታ፤ የትምህርት ቦርዱ ግን ለቻይናውያን ልጆች የተለየ ትምህርት ቤት ከፈተ። በ1885 ለቦርዱ በቁጣ ጻፈች። የፊደል ግድፈቶቿን አታርሙ። ጊዜ ቢያጥር እንኳ ይህን አትዝለሉ፤ ያለ እሷ ቻይናውያኑ የሚደረግባቸው እንጂ የሚናገሩ አይመስሉም።

ለሁለተኛ ክፍለ ጊዜ በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ የነበረው የስደተኞች መመርመሪያ ጣቢያ፣ የኤንጅል ደሴት (1910–1940)፣ የምርመራ ቃሎች ይመቻሉ። መርማሪው የቤቱን ደረጃዎች ብዛት፣ የጎረቤቶችን ስም ይጠይቅና ከዘመድ ቃል ጋር ያመሳክራል። አንዳንዱ መልስ የተጠና ነበር፤ ተማሪዎችም «ታዲያ ዋሽተዋል» ብለው ይዘጉታል። ስለዚህ የ1882ቱን ሕግ ሳታስተምሩ ይህን አታምጡ፤ የዜጋ ልጅ ነኝ ማለት ለብዙዎች የቀረች መግቢያ እንደነበረች አስቀድመው ይወቁ። የሰፈረው ቃል በአስተርጓሚ በኩል ያለፈ መሆኑንም አስታውሷቸው።

የዘመኑን የፌዝ ሥዕሎች መክፈቻ አታድርጓቸው፤ ክፍሉ ይስቅና ሣቁ ይቀራል። ምርመራውን በድራማ ማሠራትም አይመከርም፣ በተለይ የስደተኛ ልጆች ባሉበት።

በመጨረሻ እያንዳንዱ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፦ አንድ ድምዳሜና የሚደግፈው የሰነዱ ቃል። «አድልዎ ነበር» ብቻ ካለ ቃሉን ፈልጎ እንዲመጣ መልሱለት።