ክንዱ ሲነሳ ጎኑ ይቀደዳል፦ ከፎቶ ተቆርጦ የሚሠራ አኒሜሽን፣ ችግርና መፍትሄ

የሰው ፎቶ ቆርጦ፣ ጭንቅላቱን፣ ክንዱንና እግሩን ለያይቶ ማንቀሳቀስ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ስልክ፣ መቀስና ትዕግሥት ይበቃል። ነገር ግን ሲንቀሳቀስ የሚታየው አብዛኛው ጉድ የሚጀምረው ፎቶው በተነሳበት ቀን ነው። ደሴ ላይ ለሚሠራ ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፦ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም ግማሹን ሥራ ያግዛል፣ ግማሹን ያበላሻል። የትኛውን እንደሆነ ከታች ታገኙታላችሁ።

ክንዱ ሲነሳ ከሥሩ ቀዳዳ ይታያል

ፎቶው ላይ ክንዱ ጎኑን ሸፍኖት ነበር። ቆርጣችሁ ስታነሱት ከሥሩ ያለው ልብስ የለም፣ ካሜራውም አላየውም።

ሰውየውን ሁለት ጊዜ አንሱት። አንዴ እጆቹን ከጎኑ አርቆ፣ አንዴ እጆቹን ወደ ኋላ አድርጎ። ክንዶቹን ከመጀመሪያው፣ ደረቱን ከሁለተኛው ትወስዳላችሁ። በመሀል ካሜራውም ሰውየውም ከቦታቸው ንቅንቅ እንዳይሉ።

ፎቶው የአያት ከሆነና ድጋሚ ማንሳት ካልተቻለ፣ መጀመሪያ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ስካን ይደረግ። ዋናውን ፎቶ መቀስ አይንካው፣ ቤተሰብ ያጣላል። ከዚያ በጊምፕ ወይም በክሪታ፣ በኮምፒውተር የምስል ማስተካከያ ፕሮግራሞች፣ ከሌላው የልብሱ ክፍል እየቀዳችሁ ቀዳዳውን ሙሉት።

ክርንና ጉልበት ሲታጠፍ ክፍተት የሚከፈተው ደግሞ በቀጥታ መስመር ስለተቆረጠ ነው። ሁለቱም ቁራጮች መገጣጠሚያው ላይ ክብ ይሁኑ፣ አንዱ በሌላው ላይ ይደረብ፣ መዞሪያውም የክቡ መሀል ላይ ይሁን። ወረቀት ላይ ከሆነ መርፌና ክር አሳልፋችሁ በሁለቱም በኩል ቋጠሮ ማድረግ ይበቃል።

ጋቢ የለበሰ ሰው ካገኛችሁ ግን ግማሹ ጣጣ ቀረላችሁ። ትከሻው አይታይ፣ ክርኑ አይታይ። እጁን ብቻ ከጋቢው ጫፍ ብቅ ማድረግ ነው። የደሴ ብርድ ለዚህ ሙያ የዋለው ውለታ ይሄ ነው።

ዳር ዳሩ ላይ ነጭ መስመር አለ

በወረቀት ከሆነ የምታዩት የወረቀቱን ውስጥ ነው። ምላጩን ወደ ውስጥ አዘንብላችሁ ቁረጡ፣ ዳሩንም በተመሳሳይ ቀለም እርሳስ ወይም ማርከር ቀቡት።

በስልክ ወይም በኮምፒውተር ከሆነ የኋላው ግድግዳ ቀለም ከዳሩ ጋር ተቀላቅሏል። ለመቁረጥ የመረጣችሁትን ዳር በአንድ ወይም ሁለት ፒክስል ወደ ውስጥ አጥብቡት። ነጭ ጋቢ ነጭ ግድግዳ ፊት ከተነሳማ ፕሮግራሙ ጋቢውንም አብሮ ይበላዋል። አፍሮ ጸጉርም እንዲሁ ያስቸግራል። መፍትሄው ሰውየው በመጨረሻ ከሚቆምበት መደብ (ከኋላው ከሚገባው ምስል) ጋር የሚቀራረብ፣ ግን ከልብሱ የሚለይ ግድግዳ መምረጥ ነው። ነጠላ ስስ ስለሆነ ኋላውን ያሳያል፤ አጥፋችሁ አልብሱ።

ቆርጣችሁ ያጠራችሁት ፎቶ ጓደኛችሁ ጋ ሲደርስ ኋላው ተመልሶ ከመጣ፣ በጄፔግ ተቀምጧል ወይም በቴሌግራም እንደ ፎቶ ተልኳል። በፒኤንጂ አስቀምጡ፣ እንደ ፋይል ላኩ።

ክንዱ ሲዞር ጥላው አብሮ ይዞራል

በጠራራ ፀሐይ የተነሳ ክንድ አንድ ጎኑ ብሩህ፣ ሌላው ጥቁር ነው። ስታዞሩት ፀሐይዋም አብራ የዞረች ይመስላል። ለዚህ ፕሮግራም ውስጥ ጥሩ መድኃኒት የለም። ጥላ በሌለው ብርሃን ማንሳት ነው። ጉሙ የሚያግዘው እዚህ ላይ ነው፦ ጉም የሸፈነው የደሴ ጠዋት በነፃ የመጣ ስቱዲዮ ነው። ኮምቦልቻ ያላችሁ የቤት ጥላ ፈልጉ።

ፊልሙ ብልጭ ድርግም ይላል

ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ፍሬም በፍሬም (ትንሽ እያንቀሳቀሰ አንድ አንድ ፎቶ) ለሚያነሳ ሰው ዋናው ራስ ምታት ይሄ ነው። ጉሙም የሚያበላሸው እዚህ ነው። መስኮት ሥር ከሠራችሁ አንዱ ፍሬም በፀሐይ፣ ቀጣዩ በደመና ይነሳል። በሰከንድ 12 ፍሬም ብትሠሩ እንኳ ለ10 ሰከንድ 120 ፎቶ ያስፈልጋል። ያ ሁሉ እስኪነሳ የደሴ ሰማይ አይጠብቃችሁም። መስኮቱን በወፍራም ጨርቅ ሸፍኑ ወይም ማታ ሥሩ።

ሸፍናችሁም ካልተወ ስልኩን ጠርጥሩ። ብርሃኑንና ቀለሙን ለራሱ እየወሰነ ይቀያይራል። በፕሮ ሞድ (ካሜራውን በእጅ በምታስተካክሉበት) ሁሉንም ቆልፉት፦ አይኤስኦ (የብርሃን ስሜቱ) 100፣ ሹተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/50 ሰከንድ፣ ዋይት ባላንስ (የቀለም ሚዛኑ) አንድ ቁጥር ላይ፣ ፎከስ በእጅ። ፕሮ ሞድ ከሌለው በብዙ ስልኮች ስክሪኑን ተጭኖ መያዝ ፎከሱንና ብርሃኑን ይቆልፋል።

1/50 ያልኩት በምክንያት ነው። የሀገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ብዙ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል። 1/50 ሁለት ሙሉ ዙር ይይዛል። 1/60 ግን አንድ ዙር ከቁራጭ ይዞ ይቀራል፣ ቁራጩም በየፍሬሙ ይለያያል።

የመብራቱ ኃይል ከፍ ዝቅ ሲል አምፖሉም አብሮት ይዋዥቃል። በፓወር ባንክ የሚሠራ መብራት ይሻላል። ይህ ሁሉ ተደርጎም አልሆን ካለ፣ የለበሳችሁትን ሸሚዝ እዩ። ነጭ ሸሚዝ ብርሃን ይመልሳል፤ በቆማችሁበት ቁጥር ወረቀቱ ይፈካል። ጥቁር ልበሱ፣ ስታነሱም አንድ ቦታ ቁሙ።

የባጃጁ ጎማ እንደ እንቁላል ይንከባለላል

ባጃጁ ፒያሳ ላይ በሰያፍ ነው የተነሳው። በሰያፍ የታየ ጎማ ክብ አይደለም፤ ስታዞሩት ይወላገዳል። ልክ ከጎኑ፣ ራቅ ብላችሁ፣ ዙም አድርጋችሁ አንሱ። ካሜራው በጎማው ቁመት ዝቅ ይበል። አሁን የተነሳው ብቻ ካላችሁ፣ ጎማውን ለብቻ ቆርጣችሁ በስፋቱ ጎትታችሁ ክብ አድርጉትና አዙሩት፤ ከዚያ የዞረውን መልሳችሁ አጥብቡት። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ አይሠራም።

ሲራመድ እግሩ መሬት ላይ ይንሸራተታል

የመሬቱና የእግሩ ፍጥነት አልተስማማም። አንድ እርምጃ 60 ፒክስል ከሆነና 12 ፍሬም ከፈጀ፣ መሬቱ በየፍሬሙ 5 ፒክስል ወደ ኋላ ይሂድ። ሰውየው የተንሳፈፈ ከመሰለ ደግሞ እሱና መደቡ በተለያየ ቁመት ተነስተዋል። ደሴ በተራራ ስለተከበበች አድማሱን አይቶ ማስተካከል አይቻልም፤ የካሜራውን ቁመት በሜትር ለክታችሁ ያዙ። ከእግሩ ሥርም ትንሽ ጥላ ጨምሩ።

አፉና ድምፁ አይገጥሙም

አንድ የተከፈተና አንድ የተዘጋ አፍ ይዞ ማናገር ሰውየውን ዓሣ ያስመስለዋል። ለአማርኛ ፊደላችን ራሱ መመሪያ ነው። ሰውየውን "ለ ሉ ሊ ላ ሌ ል ሎ" አስብላችሁ በየሆሄው አንሱት። ካዕብና ሳብዕ ከንፈር ያሞጠሙጣሉ፣ ራብዕ አፍ ይከፍታል፣ ሳልስና ኃምስ ይለጥጣሉ። ሁለት ጨምሩ፦ ለ"መ"፣ ለ"በ" እና ለ"ፐ" የተገጠመ ከንፈር፣ ለ"ፈ" ደግሞ ጥርስ የነካው የታችኛው ከንፈር። ጭንቅላቱ እንዳይነቃነቅ ግድግዳ ይደገፍ። ከንፈር የሚገጥምበትን ፍሬም አትዝለሉ። ተመልካች ሌላውን ስህተት ያልፋል፣ "እማማ" ሲባል ያልተዘጋ አፍ ግን አያልፍም።

ትናንሽ ጣጣዎች

ወረቀቱ ከተጠቀለለ፣ ምክንያቱ ውሃማ ማጣበቂያ ነው። በእርሳስ መልክ የሚሸጠውን ተጠቀሙ፣ ከባድ መጽሐፍ ጭናችሁ አሳድሩት። ካንጸባረቀ፣ ፎቶ ቤት ስታሳትሙ የማያንጸባርቀውን ወረቀት ጠይቁ፣ መብራቱንም ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ አስቀምጡ። በየፍሬሙ ከዘለለ፣ ስልኩን በጣት እየነካችሁ ነው። ባለ ገመድ ማዳመጫ ሰኩና በድምፅ መጨመሪያው አንሱ፤ በብዙ ስልክ ይሠራል። ቻርጅ የምትሰኩት ከመጀመራችሁ በፊት ነው፣ በመሀል ከሆነ ስልኩ ከቦታው ይንቀሳቀሳል።