ካቻቪቴ ከማንሳታችሁ በፊት

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የቤት ስፒከርና አምፕሊፋየር እሸጣለሁ። ሲበላሽም እጠግናለሁ። ከደጀን፣ ከቢቸና፣ ከፍኖተ ሰላም ሰው ዕቃውን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ፣ ሚኒባስ ላይ ጭኖ ይመጣል። «ሞቷል» ይለኛል። ጠረጴዛዬ ላይ አድርጌ ስሰካው ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይዘፍናል። ባለቤቱ ያፍራል። እኔም ምን ብዬ እንደማስከፍለው ግራ ይገባኛል።

ሱቄ ከሚመጣው «የተበላሸ» ዕቃ ብዙው አልተበላሸም። ጥፋቱ የመብራቱ፣ የገመዱ ወይም የቤቱ ነው። ቤቱን ደግሞ ማንም በከረጢት ጠቅልሎ አያመጣልኝም። ስለዚህ ከግድግዳው ሶኬት ጀምራችሁ ወደ ውስጥ ኑ። ካቻቪቴ የመጨረሻ ነው።

ማታ ማታ ራሱን ያጠፋል

ቀን ሙሉ ደህና ይሰራል። ማታ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሁለት ሰዓት ላይ ግን ጠፋ በራ ይላል። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው «በዚያ ሰዓት እንጀራ የሚጋግር አለ?» ብዬ ነው። ሰው ይስቃል። ግን የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 3 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። አንድ ግቢ ውስጥ ሦስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም፣ 220 መሆን የነበረበት ቮልት 170 ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ። አምፕሊፋየሩ በዚያ አቅም መስራት ስለማይችል ይዘጋል።

ለማረጋገጥ ሶኬቱን በቴስተር ለኩ፤ አንዴ ምጣዱ ሳይበራ፣ አንዴ ሲበራ። ልዩነቱ 10 ቮልት ከሆነ አትጨነቁ። 40 ከሆነ ጥፋተኛው ተገኘ።

መፍትሄው ቮልቱን የሚያስተካክለው ስታቢላይዘር ነው፤ ግን ትንሹን ገዝታችሁ ቴፑንም፣ ቴሌቪዥኑንም፣ ፍሪጁንም አትጫኑበት። በተለይ ፍሪጅ ሲነሳ ለአፍታ ብዙ ስለሚስብ ለብቻው ይሁን። እኔ ለደንበኛ የምለው ስታቢላይዘሩ ላይ ከተጻፈው አቅም ግማሹን ብቻ እንዲጠቀም ነው። ከቆጣሪ እስከ ቤት ያለው ገመድ ቀጭንና አምስት ቦታ በናስትሮ የተቀጠለ ከሆነ ግን ስታቢላይዘርም አያድንም። ኤሌክትሪሺያን ጥሩ። ወይም ከጎረቤት ጋር የመጋገሪያ ሰዓት ተነጋገሩ፤ ያ በነፃ ነው።

መብራት ሄዶ መጣ፣ ከዚያ ወዲህ ዝም

መጀመሪያ ፊዩዙ። ስፒናውን ነቅላችሁ፣ ከኋላ ገመዱ የሚገባበት አጠገብ ያለችውን ትንሽ ክዳን ክፈቱ። በመስታወቱ ውስጥ ያለችው ቀጭን ሽቦ ብቻ ተቆርጣ መስታወቱ ንጹህ ከሆነ፣ በተመሳሳይ አምፒር ቀይራችሁ ሞክሩ። መስታወቱ ጠቁሮ ወይም ውስጡ እንደ ፊት ማያ መስታወት አብረቅርቆ ከሆነ ግን ውስጥ ሾርት አለ፤ አዲስ ፊዩዝ ማቃጠል ነው ትርፉ። በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት የተጠቀለለ ፊዩዝ ስንት ጊዜ እንዳየሁ አልቆጥረውም። ያ ወረቀት ፊዩዙን ያዳነ መስሎ አምፕሊፋየሩን ይገድላል። ቤቱንም ሊያቃጥል ይችላል።

ለምን ሞተ? መብራት ሲመለስ ቮልቱ ከፍና ዝቅ እያለ ይመጣል። የባሰው ደግሞ ኒውትራሉ፣ የመመለሻው ሽቦ፣ ሲቆረጥ ነው። ያኔ 220 የነበረው ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል፤ በአንድ ምሽት የሰፈር ሙሉ ቴሌቪዥን የሚያልቀው በዚህ ነው። መብራት ሲሄድ ስፒናውን ንቀሉ። ሲመለስ አምስት ደቂቃ ታገሱ። ሪሞቱን መጫን ብቻ ማጥፋት አይደለም።

ክረምት ላይ ይህን በእጥፍ አድርጉት። የጎጃም መብረቅ ቀልድ አያውቅም። ደግሞ ሁሉም ስፒናውን ነቅሎ የዲሹን ገመድ ይረሳል። ከጣሪያ ላይ ወደ ሪሲቨሩ፣ ከሪሲቨሩ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚሄድ ሽቦ እኮ ነው። ደመናው ሲጠቁር፣ ነጎድጓዱ ሳይቀርብ እሱንም ንቀሉ።

እምምምም የሚል ድምፅ

ሙዚቃ ሳይኖርም ከስፒከሩ ወፍራም እምምም የሚል ይሰማል። የሚመጣልኝ ጥያቄ ሁሉ ቢቆጠር ይሄኛው ሳይበልጥ አይቀርም። የመብራታችን ሞገድ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ የምትሰሙት እሱን ወይም እጥፉን ነው። ጥያቄው በየት ገባ ነው።

ድምፁን ጨምሩ። እምምታው አብሮ ከጨመረ ከውጪ በገመድ እየገባ ነው። ቮልዩሙ ዜሮ ላይ ሆኖም ያው ከሆነ ከራሱ ከአምፕሊፋየሩ ነው፤ ብዙ ጊዜ ውስጡ መብራት የሚያጠራቅመው ካፓሲተር ደርቋል። ይህ የጥገና ስራ ነው። ራሳችሁ አትክፈቱት። ትልልቅ ካፓሲተሮች ስፒናው ከተነቀለ በኋላም መብራት ይይዛሉ።

ከውጪ ከሆነ የገቡትን ገመዶች አንድ በአንድ ንቀሉ። መጀመሪያ የዲሹን። እኔ ጋ ከሚመጣው አብዛኛው እዚህ ላይ ያበቃል። ዲሹ በአንድ በኩል ከመሬት ይገናኛል፣ አምፕሊፋየሩ በሌላ ሶኬት በኩል ከመሬት ይገናኛል፤ በሁለቱ መካከል ትንሽ መብራት ይዞራል። ሁሉንም ዕቃ በአንድ ዲቫይደር ላይ ሰኩ። ካልጠፋ በገመዱ መሃል የሚገባ አይሶሌተር የሚባል ትንሽ ዕቃ አለ። ከላፕቶፕ ሲጫወት ብቻ ከሆነ ቻርጀሩን ነቅላችሁ ስሙ፤ ዝም ካለ ቻርጀሩ ነው።

አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ። የስፒናውን የኧርዝ፣ ማለትም ከመሬት የሚያገናኘውን፣ እግር የሚቆርጥ ሰው አለ። እውነት ነው፣ እምምታው ይጠፋል። ቆርቆሮውን ስትነኩ መብራት ቢይዛችሁ የሚያድናችሁም አብሮ ይጠፋል።

ሁለቱም ስፒከር ይጮሃል፣ ባሱ የለም

ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። ሱቁን የከፈትኩ ሰሞን አንድ የቡሬ ሰው «ባስ የለውም» ብሎ መጣ። እኔም ባለ ትልቅ ባስ አዲስ ስፒከር ሸጥኩለት። በሳምንቱ ተመልሶ «ጋሸ፣ ያው ነው» አለኝ። ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል፤ ጋሸ ያለኝ ለስላቅ ነበር። አብሬው ሄጄ ሳይ የአንደኛው ስፒከር ቀይና ጥቁር ገመድ ተገላብጧል። አንዱ ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ይስባል። ቀጭኑ ድምፅ ብዙም አይጎዳም፣ ወፍራሙ ግን እርስ በርሱ ተጠፋፍቶ ይቀራል። ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ገንዘቡን መለስኩለት፤ ስፒከሩንም እስከ ዛሬ የሱቄ ማሳያ አድርጌዋለሁ።

እናንተ ከሆናችሁ፣ ሁለቱን ስፒከሮች ፊት ለፊት አጠጋግታችሁ ስሙ። አጥፍታችሁ የአንዱን ብቻ ገመድ ገልብጡና እንደገና ስሙ። ባሱ የወፈረበት ትክክለኛው ነው። ገመዱ ቀለም ከሌለው ወይም ስፒከሩ ራሱ ውስጡ ተገላብጦ ከተበየደ፣ ከአምፕሊፋየሩ ነቅላችሁ 1.5 ቮልት የሪሞት ባትሪ ለአፍታ አስነኩት፤ የባትሪውን ፖዘቲቭ በስፒከሩ ቀይ መግቢያ። ስፒከሩ ወደ ውጪ ብቅ ካለ ልክ ነው፣ ወደ ውስጥ ከገባ ተገልብጧል።

ሱቅ ውስጥ እንደ ማር፣ ቤት ሲገባ እንደ ቆርቆሮ

«የቀየርክብኝ ነው» የሚለኝ አለ። አልቀየርኩም። የቀየረው ቤቱ ነው። ሱቄ በካርቶን፣ በሰውና በጨርቅ የተሞላ ነው። ኮንዶሚኒየሙ ደግሞ ሴራሚክ ወለል፣ ባዶ ግድግዳ፣ ትልቅ መስታወት። ድምፁ እየተንጋጋ ይመለሳል። ምንጣፍ፣ ወፍራም መጋረጃ፣ ሶፋ። ሌላው ቢቀር ከስፒከሩ ትይዩ ያለው ግድግዳ ላይ ጋቢ ሰቅላችሁ ስሙ፤ ልዩነቱን ካልሰማችሁ ኑና ተከራከሩኝ።

የጭቃ ቤት ለድምፅ በጣም ጥሩ ነው፤ ግድግዳው እንደ ሴራሚኩ አይጮህም። እዚያ የሚያስቸግረው ጣሪያው ነው። የማዳበሪያ ኮርኒስ በባስ ይርገበገባል፣ የላላ የቆርቆሮ ምስማርም ይንጫጫል። ሰውየው «ስፒከሩ ተቀደደ» ብሎ ይመጣል። አንድ ሰው ባሱን ከፍ አድርጎ ያጫውት፣ ሌላው ኮርኒሱን በመጥረጊያ እንጨት እየደገፈ ይዙር። ድምፁ የቆመበት ቦታ ላይ ምስማር ምቱ።

ስፒከር ጥግ ውስጥ ከተወተፈ ባሱ ይደናቆራል። ከግድግዳው ሁለት ስንዝር ያህል ሳቡት።

ይሞቅና ይቆማል

ዳንቴል! እናቶቻችን የማያለብሱት ዕቃ የለም፤ አምፕሊፋየሩም ከነአበባ ማስቀመጫው ዳንቴል ይለብሳል። ከላይ ያሉት ቀዳዳዎች መተንፈሻ ናቸው። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ብርዱ ቢያታልለንም አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ከቆላው ያነሰ ነው። ከላዩ ቢያንስ 10 ሳንቲሜትር ባዶ ይሁን። ዳንቴሉን ስፒከሩ ላይ አድርጉት፤ እማማም አይከፋቸውም።

ዳንቴል ከሌለበት የኦሙን ነገር እዩ፤ ኦም ስፒከሩ መብራቱን የሚያግድበት መጠን ነው፣ ሲያንስ አምፕሊፋየሩ ይጨነቃል። ቡና ቤቶች ላይ በብዛት አያለሁ። 8 ኦም የሆኑ አራት ስፒከሮች አንድ መውጫ ላይ ጎን ለጎን ይታሰራሉ። አምፕሊፋየሩ የሚያየው 2 ኦም ነው። ብዙው የቤት አምፕሊፋየር ከ4 በታች አይችልም። ሁለት ሁለቱን በተከታታይ እሰሩ፤ እያንዳንዱ ጥንድ 16 ይሆናል። ከዚያ ጥንዶቹን ጎን ለጎን አድርጉ፣ መልሶ 8 ነው። የአንዱ ገመድ ቀጭን ፀጉር ወጥቶ ሌላውን ነክቶ እንደሆነም እዩ። የስፒከር ገመዱ እስከ 10 ሜትር ከሆነ የ1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ይበቃል፣ ከዚያ ለራቀ 2.5።

አጫጭሮቹ

አንዱ ወገን ዝም ካለ የግራና የቀኙን ገመድ ከአምፕሊፋየሩ ላይ አጥፍታችሁ አቀያይሩ። ዝምታው ወደ ሌላው ስፒከር ከዞረ ጥፋቱ የአምፕሊፋየሩ ወይም የመግቢያው ነው። ካልዞረ የስፒከሩ ወይም የገመዱ። ቮልዩሙ ሲዞር የሚንኮሻኮሽ ከሆነ አቧራ ነው፤ አጥፍታችሁ ሃያ ጊዜ ያህል ወዲያ ወዲህ አዙሩት። ዘይትና ናፍጣ አትንኩበት። ብሉቱዝ የማይገናኝ ከሆነ ምናልባት የልጁ ስልክ ቀድሞ ይዞታል። ፊልም ላይ አፍና ድምፅ ካልገጠመም ብሉቱዙ ስለሚዘገይ ነው፤ በገመድ አድርጉት።

ባሱ ታፍኖ ከሆነ በቀዳዳው በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ እዩ። አይጥ ጎጆ ሰርታ ሊሆን ይችላል፤ ከአንዱ ሳጥን ጨርቅ፣ ጤፍ ጭድና የተቆረጠ ገመድ አውጥቻለሁ። ቀዳዳው ላይ የወንፊት ሽቦ ግጠሙ።

ስለ ዋትም አንድ ነገር። ካርቶኑ ላይ «5000 ዋት» ይላል፣ ትንሽ ከፍ ሲል ግን ይጮሃል፣ ቀጭኑ ስፒከርም ይቃጠላል። ጀርባውን አንብቡ። ከሶኬት የሚስበው 60 ዋት ከሆነ ከየት አምጥቶ 5000 ይሰጣል? ያ ትልቁ ቁጥር ፒ.ኤም.ፒ.ኦ. የሚሉት የገበያ ቁጥር ነው። የምትፈልጉት አር.ኤም.ኤስ. የሚለውን፣ ሳያቋርጥ የሚሰጠውን ዋት ነው። ድምፁ መሰንጠቅ ሲጀምር አቅሙ ስላለቀ መቀነስ ብቻ ነው መድኃኒቱ።

ዝዝዝ ይላል

ዝዝዝታ ሲኖር የላላ ብሎን አጥብቁ፣ ከላዩ ያለውን ዕቃ አንሱ፣ የስፒከሩን የላስቲክ ዙሪያ ተሰንጥቆ እንደሆነ እዩ። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ቢሆንም በአንድ ዐቢይ ጾም አንድ ወጣት ከእኔ የገዛውን አዲስ ስፒከር መልሶ አመጣ። «ዝዝዝ ይላል።» ፍላሹን ሰክቼ ሰማሁ፤ እውነትም ዝዝዝ ይላል። ፈታሁት። ብሎን አጠበቅሁ። ምንም የለም። ባሱን በሌላ ቀየርኩት፤ ያው ነው። ላብ ላብ አለኝ።

ሬዲዮናቸውን ሊያሰሩ የተቀመጡ አንድ አባት ሲያዩኝ ቆይተው «አንተ ልጅ፣ ይኼ እኮ በገና ነው» አሉ። «ከአሥሩ ጅማት ሥር እንዚራው አለ። ቆዳ ናት። ዝዝ የምታሰኘው እሷ ናት።»

ሬዲዮ ከፍተን በስፒከሩ ዜና ሰማን። የአንባቢው ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ። ስፒከሩ ምንም አልነበረውም። አሁን ማንም «ዝዝዝ ይላል» ሲለኝ መጀመሪያ የሰው ንግግር ነው የማጫውትበት። የወጣቱን ስፒከር በነፃ መልሼ ገጠምኩለት፤ ፍላሹን ሊነቅል ሲል አባ እጁን ያዙት። «ቆይ አባቴ፣ እስኪ ጨምርልኝ።»