ከቴሌግራም ሱቅ ገንዘብ ሳይበላብዎ እንዴት እንደሚገዙ

ቴሌብር ሥራ የጀመረው ግንቦት 2013 ነው። ሚያዝያ 2015 ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ በጥሬ ብር መቅዳት ሲቀር፣ የሞባይል ክፍያ ነገር አይጥመኝም ይል የነበረው ሾፌር ሁሉ ሳይወድ ገባበት። ኤምፔሳም በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ተከተለ። አሁን ጉሊት የተቀመጠችው ሴትዮ እንኳ ቁጥሯን በካርቶን ጽፋ ትለጥፋለች።

ግዢያችን ግን የራሱ መልክ አለው። አብዛኛው ሰው ቴሌግራም ላይ ፎቶ ያያል፣ ዋጋ በኢንቦክስ ይጠይቃል፣ ይደራደራል፣ ብር ይልካል፣ ከዚያ ሞተረኛ ይጠብቃል። ብሩ በሰከንድ ይሄዳል፤ ልመልሰው ቢሉ ግን ጣጣው ብዙ ነው። ስለዚህ ጥንቃቄው ሁሉ ፒን ከመጻፍዎ በፊት ማለቅ አለበት።

1. መጀመሪያ ሱቁን ይመርምሩ

የአባላት ብዛት አያታልልዎ፤ አባል በገንዘብ ይገዛል። ከፖስቱ ሥር ያለችውን የዓይን ምልክት ይዩ። 80 ሺህ አባል ያለው ቻናል ፖስቱን 300 ሰው ብቻ ካየለት ነገሩ ግልጽ ነው። ከዚያ ወደ ላይ ወጥተው የመጀመሪያው ፖስት መቼ እንደተለጠፈ ያረጋግጡ። የሁለት ሳምንት ዕድሜ ያለው ሱቅ ሌባ ነው ማለት አይደለም፤ ቀድሞ ብር የሚላክለት ግን አይደለም።

አድራሻውንም ያንብቡ። «ቦሌ» ብቻ ብሎ የሚያልፍ አድራሻ አድራሻ አይባልም። የሕንፃው ስም፣ ፎቁና የሱቅ ቁጥሩ ካለ በአካባቢው የሚሠራ ዘመድ ወይም ጓደኛ ጎራ ብሎ እንዲያይልዎ ያድርጉ።

አንድ የተለመደ ወጥመድ አለ። ግሩፕ ውስጥ «ዋጋው ስንት ነው?» ብለው ሲጽፉ፣ የሱቁን ስምና ሎጎ የለጠፈ ሰው ራሱ በውስጥ መስመር ይመጣል። ሻጩ ቀድሞ ከጻፈልዎ አይመልሱለት። ዩዘርኔሙን ከቻናሉ መግለጫ ላይ ራስዎ ነክተው ይግቡ፤ አንድ ፊደል የተቀየረበት ዩዘርኔም በዓይን በቀላሉ ያመልጣል።

2. ዕቃውን በቪዲዮ ይጠይቁ

የተለጠፈው ፎቶ ከኢንተርኔት የተለቀመ ሊሆን ይችላል። «የዛሬውን ቀን ወረቀት ላይ ጽፈው ከዕቃው ጋር አጭር ቪዲዮ ይላኩልኝ» ይበሉ። ዕቃው እጁ ላይ ያለ ነጋዴ ይህን በሁለት ደቂቃ ያደርገዋል። የሌለው ግን «ስቶር ነው ያለው»፣ «ልጁ ወጥቷል» እያለ ያመላልስዎታል። ያገለገለ ስልክ ከሆነ *#06# ሲደወል የሚወጣውን የአይኤምኢአይ ቁጥርም (የስልኩን መለያ ቁጥር) በቪዲዮው ያስቀርጹ፤ ዕቃው ሲመጣ ያመሳክሩበታል።

ኦሪጅናል ነው ወይስ ኮፒ? ቃሉን በጽሑፍ ያስቀምጥልዎ። በስልክ የተነገረ «አንደኛ ዕቃ ነው» በኋላ ማስረጃ አይሆንም።

3. አከፋፈሉን ቀድመው ይስማሙ

አዲስ አበባ ውስጥ ከሆኑ መልሱ አጭር ነው፦ ዕቃው ሲደርስ፣ ዓይቼ እከፍላለሁ። ይህን የማይቀበል ሱቅ ካጋጠመዎ ሌላ ይፈልጉ፤ የሚቀበለው ብዙ ነው። ቀብድ ካሉ ደግሞ ከማመላለሻ ሂሳቡ አይብለጥ።

ክፍለ ሀገር ላለ ገዢ ጉዳዩ ይከብዳል። ብዙ ጊዜ ዕቃው የሚሄደው በሀገር አቋራጭ አውቶብስ ነው፤ ሻጩም ሙሉ ክፍያ ሳይቀበል አይጭንም። እዚህ ላይ በእኔ አስተያየት የሚያዋጣው ብሩን ለሁለት ከፍሎ መላክ ነው። ቀብድ መጀመሪያ ይላካል፤ ቀሪው ደግሞ ዕቃው ከተጫነ በኋላ፣ ሻጩ የመኪናውን ሰሌዳ ቁጥርና የሾፌሩን ወይም የረዳቱን ስልክ ሲልክልዎ። ደውለው «የእገሌ ካርቶን ተጭኗል ወይ?» ብለው ረዳቱን ይጠይቁት። አዲስ አበባ ዘመድ ካለዎት ግን ከዚህ ሁሉ ድካም እሱ ሄዶ ቢቀበልልዎ ይሻላል።

4. በር ላይ

ሞተረኛው ደውሎ «እህቴ፣ ደርሻለሁ፣ ውጪ ነኝ» ሲል ብዙ ሰው ስልኩን ይዞ፣ አፑን ከፍቶ ይወጣል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ይሻላል።

ካርቶኑን እሱ ፊት ይክፈቱ። ቢቸኩልም፣ ሞተሩን ባያጠፋም ይክፈቱ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ይሰኩት፤ ጫማ ከሆነ ሁለቱንም እግር ይለኩ፤ አንዱ 40 ሌላው 41 ሆኖ የሚመጣበት ጊዜ አለ። ካልተመቸዎ የማመላለሻውን ብቻ ከፍለው ይመልሱ።

ከወደዱት ብሩን ሱቁ በጽሑፍ ወደላከልዎ ቁጥር ይላኩ። ልጁ «በእኔ ቁጥር አድርጊው፣ የሱ አይሠራም» ካለ ሱቁ ጋ ሳይደውሉ እንዳይልኩ። ፒን ከመጻፍዎ በፊት ስክሪኑ ላይ የተቀባዩ ስም ይወጣል፤ ጮክ ብለው ያንብቡት። ተሳስተው የላኩት ብር የሚያስከትለው ጣጣ አብዛኛው የሚመጣው ይህን ስም ሳያነቡ ከማለፍ ነው።

ዳታ ካስቸገረ *127# ለቴሌብር፣ *889# ለንግድ ባንክ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ከላኩ በኋላ መልእክት ቢዘገይ ደግመው አይላኩ። መጀመሪያ ቀሪ ሂሳብዎን፣ ቀጥሎ የግብይት ዝርዝሩን ይዩ። ብሩ ከተቀነሰ ሄዷል፤ የዘገየው ኤስኤምኤሱ ነው።

ልጁ ስክሪንሾት አይቶ አልሄድም ቢልዎ አይቀየሙት። የተጭበረበረ ስክሪንሾት ነጋዴውን አቃጥሎታል፤ አለቃው «ገብቷል» እስኪለው ይጠብቃል። እርስዎም ዕቃ የሚሸጡ ቀን እንደዚያው ያድርጉ። ማረጋገጫው የራስዎ ቀሪ ሂሳብ ነው፤ ሌላ ሰው ስልክ ላይ ያለ ምስል ምንም አያረጋግጥም።

5. ከተበሉ

ቻናሉ ሳይጠፋ ወይም ብሎክ ሳያደርግዎ ወሬውን በሙሉ ስክሪንሾት ያንሱ፦ ዩዘርኔሙ፣ ስልክ ቁጥሩ፣ በዋጋው የተስማማችሁበት መልእክት፣ የግብይት ቁጥሩ። ከዚያ ወዲያው ለቴሌብር 127፣ ለንግድ ባንክ 951 ይደውሉ። ቶሎ መደወሉ የሚጠቅመው ብሩ ገና ካልወጣ ነው፤ በስልክ ጥሪ ብቻ ከሰው ሂሳብ ላይ አንስተው ይመልሱልኛል ብለው ግን አይጠብቁ። ስለዚህ ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ያመልክቱ፤ ያነሷቸውን ስክሪንሾቶችም አትመው ይያዙ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዋጋ ስለሚሰጥ፣ «ቴሌግራም ላይ የተጻፈ ምን ያደርጋል» የሚልዎትን አይስሙ።

ቅሬታዎን ግሩፕ ላይ ሲለጥፉ ደግሞ «ብርህን አስመልስልሃለሁ፣ ትንሽ የአገልግሎት ክፍያ ላክ» የሚል ሰው መምጣቱ አይቀርም። ያው ሰውዬ ሊሆን ይችላል። የማረጋገጫ ኮድ ከጠየቀ ዝጉት፤ ያ ኮድ የሚያስፈልገው ሂሳብዎ ውስጥ ለመግባት ነው።