«ቀረጥ ነፃ ነው» ብለው ለሚመጡ አዲስ ላኪዎች

ኮምቦልቻ ላይ የኤክስፖርት ሰነድ ሳዘጋጅ ዓመታት አለፉ። አዲስ ላኪ በመጣ ቁጥር የመጀመሪያ ቃሉ አንድ ነው፤ «አውሮፓ ቀረጥ ነፃ ነው አሉ!» እውነት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት ከጦር መሣሪያ በቀር የእኛን ምርት ያለ ቀረጥና ያለ ኮታ ያስገባል።

ግን ወንድሜ፣ ቀረጥ ነፃ ማለት ፍተሻ ነፃ ማለት አይደለም! ይህን ስንት ጊዜ እንደተናገርኩ አላህ ይወቀው። ባለፈው አንድ ልጅ የበርበሬ ናሙና ይዞ መጣ። ፌስታሉን ስፈታው ሻጋታ ሸተተኝ። ለካ እንዳይሰባበር ውሃ አርከፍክፎበታል፤ ሚዛኑም ከፍ ይልለታል። በዚያ እርጥበት ነው አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ የሚፈጠረው። አውሮፓ ለበርበሬ የምትፈቅደው በኪሎ 10 ማይክሮግራም ብቻ ነው። የኢትዮጵያ በርበሬ ደግሞ ወደቡ ላይ ተለይቶ ይፈተሻል። ከወደቀ ይመለሳል ወይም ይወገዳል፤ ኪሳራው የላኪው ነው። ቀረጡ ዜሮ ስለሆነ የሚራራለት የለም።

ሁለተኛው ስህተት፣ ይህ ዕድል ባይኖር ስንት ቀረጥ ይከፈል እንደነበር አለመጠየቅ ነው። ጥሬ ቡና ከብራዚልም ቢመጣ አውሮፓ በዜሮ ነው የሚገባው። ታዲያ ምኑ ላይ ተጠቀምን? የተቆላ ቡና ላይ 7.5፣ ማር ላይ 17.3 በመቶ ቀረጥ አለ። የእኛ ብልጫ እዚያ ነው። ሰው ግን አሁንም ጥሬውን ጭኖ ይሮጣል።

 

ሰነድም አለ። ጭነቱ ከ6,000 ዩሮ ከበለጠ፣ የምርቱን አገር የሚገልጸውን ቃል ኢንቮይሱ ላይ የሚጽፈው በሬክስ፣ ማለትም በአውሮፓ ኅብረት የላኪዎች መዝገብ፣ የተመዘገበ ላኪ ነው። ይህ ከጎደለ ገዢው ቀረጡን ይከፍልና ሒሳቡን ካንተ ይቆርጣል።

እኔም ተበልቻለሁ። የቃሉ ወረዳን ማሾ ወደ ህንድ ልናስጭን የቀረጥ ሠንጠረዥ ሳገላብጥ ከረምኩ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 ህንድ «ማሾ ያለ ፈቃድ አይገባም» አለች። ሠንጠረዡን እንጂ የማስገቢያ ፈቃዱን አላየሁም ነበር። ደንበኛዬ እስካሁን ያነሳብኛል። ቀረጥ ነፃ ዕድል የሰጠን አገር በፈለገ ጊዜ እንደሚነሳንም አንርሳ፤ የአሜሪካው ቀረጥ ነፃ ዕድል፣ አጎዋ፣ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2022 ሲቋረጥብን አይተናል።

የበርበሬው ልጅ አሁን ስለ ማር ይጠይቀኛል። አብሽር፣ መጀመሪያ ናሙናውን አምጣ አልኩት።